ትሯ ከተማ ያለ አሮጌ ኮሎምባዥ ቤት ግድግዳው ሲረግፍ

ፈረንሳይ አገር፣ ትሯ ውስጥ ግንበኛ ነኝ። ሥራችን በብዛት አሮጌዎቹን ኮሎምባዥ ቤቶች መጠገን ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ቤት የገዛ ወይም ሥራው የገጠመው አበሻ ይደውልልኛል። ቤቱ የኦክ እንጨት አጽም ነው፤ በቋሚዎቹ መሀል ያለው ክፍተት በማገርና በጭቃ ይሞላና በኖራ ይለሰናል። ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ግማሹን ሥራ ያውቀዋል። (ሰው ሁሉ «የመካከለኛው ዘመን» ይላቸዋል እንጂ ከተማዋ በ1524 ስለተቃጠለች አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ናቸው።)

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ። ቤቱ ራሱ በቅርስነት «ክላሴ» (በመንግሥት የተመዘገበ) ከሆነ ፈቃዱ ከመንግሥት ይመጣል። ካልሆነም የከተማው መሀል ጥብቅ ክልል ነውና ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ይገባል፤ የቅርስ አርክቴክቱ ስለሚያየው ሁለት ወር ጠብቁ። ለውስጥ ሥራም ጠይቁ። የልስኑን ቀለም ሳይቀር እሱ ይወስናል፤ ብትከራከሩ ትደክማላችሁ።

ከዚያ ሲሚንቶ ፈልጉ። ከዓመታት በፊት አንዱ ቸኩሎ የለጠፈው አይጠፋም። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። አንኳኩታችሁ አራግፉትና እንጨቱን በካቻቢቴ ውጉት፤ በተለይ ከድንጋዩ መሠረት ላይ የተጋደመውን የታችኛውን ግንድ። ካቻቢቴው ከሰመጠ አናጢ ጥሩ። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ኦክ በእንጨት ችንካር ይቀጥላል። መጋጠሚያው አጠገብ የሮማ ቁጥር ተቀርጾ ካያችሁ እንዳይላግ፦ የጥንቶቹ አናጢዎች እንጨቱን መሬት ላይ ገጣጥመው፣ ፈትተው ሲያቆሙት የቱ ከየቱ እንደሚገባ የሚያውቁበት ምልክት ነው።

የረገፈውን ጭቃ አትጣሉት። ፈጭታችሁ በውሃ ዘፍዝፉትና አዲስ ጭድ ጨምሩበት። የዚህ አገር የስንዴ ጭድ ረጅም ነው፤ አንድ ስንዝር ያህል አድርጋችሁ ቁረጡት። በእግር ረግጣችሁ ሸፍኑትና ጥቂት ቀን ይቡካ። ስትመርጉ ማገሩንና የአሮጌውን ጭቃ ጠርዝ አርጥቡ፤ አለዚያ አይያያዝም።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ጭቃው ከእንጨቱ ፊት ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ገባ ብሎ ይቅር፣ የኖራው ልስን ሲደረብ ከእንጨቱ እኩል እንዲሆን። ልስኑ ወደ ውጭ ከወጣ ዝናቡ ጠርዙ ላይ ቆሞ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል።

ጭቃው ሲደርቅ መሰንጠቁ አያስደንግጣችሁ፤ ገና እርጥብ ሳለ መልሳችሁ እሹት። ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ልስኑን በአንድ እጅ ኖራ ሁለት ተኩል እጅ አሸዋ አቡኩት። ከኖራው ከረጢት ላይ «ኤንኤሽኤል 2» (NHL 2፣ በውሃ የሚጠነክር የተፈጥሮ ኖራ) የሚለውን ግዙ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ለዚህ ግድግዳ ይጠነክርበታል። ለስናችሁ ስትጨርሱ በየቀኑ ውሃ እርጩበት። ከ5 ዲግሪ በታች ኖራ አይሠራም፤ ስለዚህ ጭቃውን በጁን ጀምሩ፣ ልስኑን ከኦክቶበር በፊት ጨርሱ።