የበረዶ መስሪያው ውሃ ያልተገናኘለት ፍሪጅ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዱባይ ወይም ጅዳ ያለች ልጅ ወይም እህት የላከችው ትልቅ ባለሁለት በር ፍሪጅ በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች መታየት ከጀመረ ቆይቷል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ፍሪዘራቸው ውስጥ በራሱ በረዶ የሚሠራ ማሽን አላቸው። ማሽኑ በረዶ የሚሠራው ግን ከቤቱ የውሃ መስመር ጋር በቀጭን ቱቦ ሲገናኝ ነው። እኛ ጋ ብዙ ሰው አያገናኘውም። ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው፣ ወይም ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ወይም ጭራሽ በረዶው አያስፈልግም። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው በጥቅምት ማታ በረዶ ምን ያደርግለታል?

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። ውሃ ስላልተገናኘለት ፍሪጁ አይበላሽም። ምግብ ያቀዘቅዛል፣ ሥጋ በረዶ ያደርጋል፣ ለዓመታት ያገለግላል። ጣጣው የሚመጣው በረዶ መስሪያውን ሳናጠፋ ስንተወው ወይም በማይሆን ውሃ ለማገናኘት ስንጣደፍ ነው።

ሳያጠፉ መተው

ከሁሉም የሚበዛው ይሄኛው ነው። «ውሃ ከሌለው ምን ይሠራል?» ብለን እንተወዋለን። ማሽኑ ግን ውሃ እንደሌለው አያውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በረዶው የሚረጋበት ገበታ ላይ ቅዝቃዜ የሚለካ ነገር አለ። ገበታው በደንብ ሲቀዘቅዝ ማሽኑ በረዶው ደርሷል ብሎ ይወስዳል። በረዶው እንዲላቀቅ ከሥር ያለውን ማሞቂያ ያበራል። ትንሽ ሞተር ጣት የመሰሉ ዘንጎችን አዙራ በረዶውን ወደ ማጠራቀሚያው ትገፋለች። በመጨረሻ ከፍሪጁ ጀርባ ያለው የውሃ ቫልቭ ለጥቂት ሰከንድ ይከፈትና ገበታው እንደገና ይሞላል። ባዶ ገበታ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ሁልጊዜም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በብዙ ሞዴሎች ማሽኑ ያንኑ ዙር ሲደጋግም ይውላል፣ ያድራል። ማጠራቀሚያው ስለማይሞላ የሚያስቆመው የለም። ማሞቂያው ፍሪዘሩን ያሞቃል፣ ኮምፕሬሰሩ ያንኑ ሙቀት መልሶ ለማውጣት ይደክማል፤ ቆጣሪው ሁለቱንም ይቆጥራል። ቫልቩም ውሃ እንዲያልፍበት ታስቦ ስለተሠራ በደረቁ ሲከፈት ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

አንዲት ጎረቤቴ «ልጄ፣ ይሄ ፍሪጅ ሌሊት ሌሊት ያጉረመርማል። ሞተሩ ሊሄድብኝ ነው መሰለኝ» ብለው ጠሩኝ። ቁጭ ብለን አዳመጥነው። ከጀርባው ከታች በኩል ለጥቂት ሰከንድ ዝዝዝ ይልና ጸጥ ይላል። «እትዬ፣ ሞተሩ ደህና ነው፤ ውሃ እየፈለገ ነው» አልኳቸው። ፍሪዘሩን ስንከፍተው ከበረዶ መስሪያው ጎን ያለችው የሽቦ ክንድ ወደ ታች ወርዳለች። ቀጭ እስክትል ወደ ላይ አነሳናት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

የሽቦ ክንድ ያለው ማሽን የሚጠፋው እንዲሁ ነው፤ ክንዷ ወደ ላይ ስትሆን ጠፍቷል፣ ወደ ታች ስትሆን በርቷል። ክንድ የሌለው ማሽን ራሱ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ይኖረዋል። በሩ ላይ ስክሪን ያላቸው ደግሞ «አይስ» የሚለውን ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ በመያዝ «አይስ ኦፍ» የሚለው ምልክት እስኪበራ መጠበቅ ነው። ሞዴል ከሞዴል ስለሚለያይ የአጠቃቀም መመሪያውን ማየት አይከፋም። መመሪያው ከጠፋ፣ ከፍሪጁ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል።

የቁልፍ ምልክቱን ማጥፊያ ማድረግ

ስክሪኑ ላይ የጓጉንቸር ቁልፍ ሥዕል ያያሉ፣ ይጫኑታል፣ «ዘጋሁት» ብለው ይሄዳሉ። በብዙ ፍሪጆች ያ ቁልፍ የሚዘጋው በሩ ላይ ያለውን የውሃና የበረዶ መቅጃ ብቻ ነው። ከውስጥ ያለው ማሽን ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱንም አድርጉ። ልጆች ባሉበት ቤት መቅጃውን መቆለፍ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው፤ ብርጭቆ ይዘው የመቅጃውን ምላስ በገፉ ቁጥር ቫልቩና በረዶ ገፊው ሞተር በባዶ ይነሳሉ። የመቅጃው ክዳን ሳይገጥም ከቀረ ደግሞ ሞቃት አየር እየገባ ፍሪዘሩ ውስጥ ውርጭ ይሠራል።

ከሮቶ ጋር ማገናኘት

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይሄ ነውና። «ማሽኑ ቆሞ ከሚቀር» ይባልና ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ መስመር ይወርዳል።

አምራቾች ለበረዶ መስሪያ የሚጠይቁት የውሃ ግፊት አለ። ብዙዎቹ ቢያንስ 1.4 ባር አካባቢ ይላሉ፤ ከ2 ባር በታች አይሆንም የሚሉም አሉ። አሁን የእኛን ሮቶ እናስላ። ውሃ 1 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ነው። ከፍሪጁ ቫልቭ 5 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው እንግዲህ ግማሽ ባር ብቻ ነው። 1.4 ባር ለማግኘት ሮቶው 14 ሜትር ላይ መሰቀል አለበት።

«ትንሽ ትንሽም ቢሆን ይወርዳል እኮ» የሚል አይጠፋም። ችግሩ መውረዱ ላይ አይደለም፣ መዘጋቱ ላይ ነው። ቫልቩ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋው የውሃው ግፊት ራሱ ስለሚገፋው ነው። ግፊቱ ሲያንስ በደንብ አይዘጋም፤ ጠብ ጠብ ይላል። ያቺ ጠብታ ፍሪዘሩ ውስጥ ባለችው የውሃ መግቢያ ላይ ትረጋና መንገዱን ትደፍናለች። ወይም ገበታው ሞልቶ ይፈስና ማጠራቀሚያው ውስጥ አንድ ወጥ የበረዶ ድንጋይ ይሠራል። ወለሉ ላይ ውሃ አገኘሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይሄ ነው።

ቀጥታ ከመንገድ የውሃ መስመር ቢሆንስ? ውሃው ሳይቋረጥ በጥሩ ግፊት በሚመጣበት ሰፈር ያስኬዳል። በፈረቃ ከሆነ ግን ውሃው ተቋርጦ ሲመለስ አየርና ደለል ይዞ ይመጣል። የፍሪጁ ማጣሪያ በተለምዶ በ6 ወር የሚቀየር ነው፤ በክረምት ድፍርስ ውሃ ግን ቶሎ ይደፈናል። ምትክ ማጣሪያ ፈልጎ ማግኘቱም ሌላ ሥራ ነው። ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ገዝቶ መግጠም ይቻላል። እኔ ግን ለአንድ ቤተሰብ በረዶ ያን ያህል ወጪ አልመክርም። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበረታ ጁስ ቤት ወይም ካፌ ላለው ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያዋጣው ለብቻው የተሠራ የበረዶ ማሽን ነው።

በእጅ ውሃ መጨመር

በጆግ ውሃ ቀድቶ ገበታው ላይ ማፍሰስ የሚሞክር አለ። አንዳንዴ በረዶ ይወጣል። ትንሽ ከተረፈረፈ ግን ውሃው ወደ ማሽኑ የማርሽ ጥርሶችና ወደ ሽቦዎቹ ገብቶ ይረጋል፣ ሞተሯም ለማዞር ስትታገል ትሰበራለች። አታድርጉት።

ከዚህ ጋር የማይምታታ ሌላ ዓይነት ፍሪጅ አለ። ከውስጡ ወይም በሩ ላይ ውሃ የሚሞላበት የራሱ ዕቃ ያለው ነው። ያ ከመጀመሪያውም የቧንቧ መስመር አይፈልግም፤ በእጅ ነው የሚሞላው። ለመለየት ጀርባውን እዩ። ቀጭን ቱቦ የሚገጠምበት ጥርስ ያለው መግቢያ ካለው በቧንቧ የሚሠራ ነው። መግቢያው ከሌለና ከውስጥ ውሃ መያዣ ካለ ሁለተኛው ነው። ይሄን ሳያዩ ቧንቧ ሠራተኛ የጠሩ ሰዎች አውቃለሁ።

የጀርባውን መግቢያ ክፍት መተው

አዲስ ፍሪጅ መግቢያው ላይ የፕላስቲክ ክዳን አለው። አትጣሉት፣ እንደገጠመ ይቆይ። ክፍት ከሆነ አቧራ ይገባል፣ በረሮም ይገባል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ በመስመሩ ውስጥ የቀድሞው ቤት ውሃ ሊኖር ይችላል። ፍሪጁ ተኝቶ በአይሱዙ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ያ ውሃ ወደማይሆን ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ውሃውን አፍስሱ፣ የድሮውን ማጣሪያ አውጡ። እርጥብ ሆኖ የከረመ ማጣሪያ ይሻግታል። ተኝቶ የመጣ ፍሪጅ ደግሞ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ሳይሰካ ቆሞ መቆየት አለበት፤ ረጅም መንገድ ከሆነ አንድ ቀን ስጡት።

ቦታ ለማግኘት ማሽኑን መንቀል

ፍሪዘሩ ይጠባል፣ ማሽኑ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ይነቀል ይባላል። ይቻላል። ግን ሶኬቱ ሳይነቀል አይነካም። ከወጣ በኋላ ግድግዳው ላይ የሚቀረው የሽቦ ጫፍ እርጥበት እንዳይነካው በደንብ ይሸፈን፣ የውሃ መግቢያው ቀዳዳም ይደፈን። የበረዶ ክፍሉ በፍሪጁ በኩል ሆኖ የራሱ ትንሽ በር ያለው ሞዴል ከሆነ ግን አትነካኩት፤ የአየሩ መንገድ ይዛባል። እኔ ብሆን ማጠራቀሚያውን ብቻ አውጥቼ ቦታውን እጠቀምበታለሁ።

ቦታው ላይ ምን ይቀመጥ? የውሃ ጠርሙሶች። ውሃ ሲረጋ ወደ 9 በመቶ ስለሚሰፋ አፋቸው ድረስ አትሙሏቸው። መብራት ሲሄድ ቅዝቃዜውን የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። በሩ ካልተከፈተ ሙሉ ፍሪዘር ወደ 48 ሰዓት፣ በግማሽ የተሞላው 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ፍሪጁ ግን 4 ሰዓት ገደማ ነው።

በረዶ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን

በረዶ ሲያስፈልግ በፕላስቲክ ማርጊያ መሥራት ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይበላሽም። ስህተቱ ከቧንቧ የቀዱትን ውሃ በቀጥታ ማርጋት ነው። ብርድ ጀርም አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። በረዶው ብርጭቆ ውስጥ ሲሟሟ ጀርሙም ይነቃል። ለሕጻን ወይም ለታመመ ሰው መጠጥ ሲሆን ይሄ ቀልድ አይደለም።

ውሃውን አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ አርጉት። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ አገር የሚመከረው ውሃው ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ነች፤ 1 ደቂቃ ይበቃታል፣ 3 ቢሰጡትም አይጎዳም።

በማርጊያ የተሠራውን በረዶ በር ላይ ባለው መቅጃ ለማውጣት ማጠራቀሚያው ውስጥ አትገልብጡት። ተለቅ ያለ ወይም የተጣበቀ በረዶ ገፊውን ይቀረቅረዋል። በማንኪያ ውሰዱት።

ፍሪዘሩ ሲደክም በረዶ መስሪያውን መውቀስ

«ውሃ ስላላገናኘንለት ነው የማያቀዘቅዘው» የሚባል ነገር የለም። ፍሪዘር ልኩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ ፍሪጁ ደግሞ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ነው። ካልደረሰ የበሩን ጎማ፣ ከግድግዳው ያለውን ርቀትና የመብራቱን ኃይል ፈትሹ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። ለ60 ብቻ የተሠራ ኮምፕሬሰር እዚህ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃል። ከመላኩ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አስነስታችሁ እዩት።

ለደሴ ሰዎች አንድ ልጨምር። በዚያው ጽሑፍ ላይ «ቲ» የሚል የአየር ንብረት ምልክት ያለው ፍሪጅ የተሠራው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ለሆነ ክፍል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ በረንዳ ላይ ከቆመ ሙቀቱ ከ16 በታች ይወርዳል። አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው ፍሪጅ ያኔ «ቀዝቅዣለሁ» ብሎ ያርፋል፣ ፍሪዘሩም ይላላል። ሥጋው ለስለስ ሲል ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት ፍሪጁን ወደ ቤት አስገቡት።

ዕቃዎቹን መጣል

የጀርባ ክዳኑ፣ ያልተከፈተው ማጣሪያ፣ ቀጭኑ ቱቦ፣ የተነቀለው ማሽን ከነብሎኑ በአንድ ፌስታል ታስረው ይቀመጡ፤ ፌስታሉ ላይ የፍሪጁ ሞዴል ቁጥር ይጻፍበት። ፍሪጁን የሚገዛችሁ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።