ካርድም ኢንተርኔትም በሌለበት ላፕቶፕን ከቫይረስ እንዴት እንጠብቅ?

ለውጭ ሰው የተጻፉ መመሪያዎች አንቲቫይረስ መጫንን በሦስት ቃል ይጨርሱታል፦ በካርድ ክፈል፣ አውርድ፣ ጫን። ባሕር ዳር ላይ ልማዳችን ሌላ ነው። ፔዳ አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ እንላለን፤ ካልሆነም ኮምፒውተር የሚችል የሰፈር ልጅ እንጠራለን። ልጁ ፍላሹን ይሰካል፣ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ አንቲቫይረስ ይጭናል፣ በቃ። በሰው እጅ ማሠራቱ ምንም ክፋት የለውም። ክፋቱ ክራኩ ላይ ነው።

ክራኩ ሲጫን መጀመሪያ የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ «ዲፌንደርን አጥፋ» ይላል። እኔም አጠፋሁ። ከዚያ የእህቴን የመመረቂያ ጽሑፍ ላሳትም ፍላሽ ስሰካ ፋይሎቹ በሙሉ ሾርትከት (ፋይሉ ራሱ ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ የሚመራ ምልክት) ሆነው አገኘኋቸው። ደንግጬ ፍላሹን ፎርማት አደረግሁት። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው እንዳልነበር የገባኝ በኋላ ነው። እህቴ ሁለት ምዕራፍ እንደገና ጻፈች። ይህ በማንም ላይ እንዳይደርስ እፈልጋለሁ።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር አብሮ ይመጣል፣ በነፃ። ለአብዛኛው ሰው እሱ ይበቃል።

1. ክራኩን አውጡ። ሴቲንግ ውስጥ «አፕስ» ገብታችሁ አጥፉትና ሪስታርት አድርጉ። ዲፌንደር ካልተነሳ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት።

2. ቀኑን አስተካክሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው። የውጭ መመሪያዎች አያነሱትም፤ እነሱ ዘንድ ሁለት የዘመን አቆጣጠር የለም። እኛ ግን ኮምፒውተሩን በሐበሻ ዓመት፣ ጠዋቱን ደግሞ ሦስት ሰዓት ብለን እንሞላለን።

አንድ ጎረቤቴ ቤት ግማሽ ቀን ኔትወርኩን ስወቅስ ዋልኩ። ዲፌንደር አልዘምን አለ፤ ብሮውዘሩም ድረ ገጹን ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ከማያ ገጹ ጥግ ዓመቱን ሳየው 2018 ይላል። አብዛኛው ድረ ገጽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የደኅንነት ሰርተፍኬት አለው። ማሽኑ ሰባት ዓመት ወደኋላ ከቀረ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አይቀበለውም።

የፈረንጆቹን ቀንና ሰዓት ሙሉ። የሰዓት ክልል ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባን አትፈልጉ፤ «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ላፕቶፑ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ከተመለሰ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ደክማለች፤ ትቀየር።

3. ዝመናውን በፍላሽ አምጡ። ኢንተርኔት ያለው አንድ ሰው የዲፌንደርን የዝመና ፋይል ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያውርድ። ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ለ64 ቢትና ለ32 ቢት የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ የማሽኑን ዓይነት እዩ። እኔ አንዴ አውርጄ ለጎረቤት ሁሉ አዞራለሁ፤ ዘጌ ላለው የአክስቴ ልጅም በጀልባ እልክለታለሁ።

ፋይሉን ስትከፍቱት ምንም መስኮት አይመጣም። አልሠራም ብላችሁ ደጋግማችሁ አትጫኑት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ መጨረሻ የዘመነበትን ቀን ተመልከቱ።

4. እዚያው ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ኤክስክሉዥን» የሚለውን ክፈቱ። ክራክ አንዳንዴ ራሱን «እኔን አትፈትሽ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። የማታውቁት ነገር ካለ ሰርዙ። ከዚያ «ፉል ስካን» (ሙሉ ፍተሻ) አድርጉ። ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ መብራት ባለበት ሰዓት ቻርጀር ሰክታችሁ ጀምሩት።

5. ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሳትከፍቱት ስካን ይደረግ። ሾርትከት ካያችሁ አትንኩት። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ብላችሁ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ካልታዩ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምርጫም አንሡ። ሰነዶቻችሁ ብቅ ሲሉ ወደ ላፕቶፑ ገልብጧቸው፣ ከፍታችሁም አረጋግጡ። ፎርማት ማድረግ ከዚያ በኋላ ነው።