ቤት ጀልባ ላይ ምን ይበላሻል? ለኬረላ ተጓዥ ችግርና መፍትሄ ከአራት ኪሎ

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ የሚያሳየኝ ፎቶ አንድ ነው። ጣሪያው እንደ ሰሌን የተሸመነ ጀልባ፣ ግራና ቀኝ የኮኮናት ዛፍ፣ መሃል ላይ አረንጓዴ ጠባብ ቦይ። ደቡብ ህንድ፣ ኬረላ። "አንተ ሄደህበት የለ፤ እንዴት ነው?" ይሉኛል። ደስ ይላል። ግን ከማውቃቸው መካከል ሄዶ ሳያማርር የተመለሰ የለም፤ እኔም አለሁበት። የሚገርመው ደግሞ ምሬቱ ሁሌም ያው ነው። አብዛኛው ውሃው ላይ የተፈጠረም አይደለም፤ እዚሁ አዲስ አበባ ቀብድ ሲላክ የተበላሸ ነው። እንግዲህ ምሬቱን እንደሰማሁት ላስቀምጥላችሁ።

"ፎቶው ላይ ያለው ቦይ ውስጥ አልገባንም"

ይሄ የመጀመሪያውም ትልቁም ነው። "ቀኑን ሙሉ ሰፊ ሐይቅ ላይ ዞርን፤ ከፊትም ከኋላም ያየነው ሌላ ጀልባ ብቻ" ይላሉ።

ጥፋቱ የጀልባው ስፋት ነው። የአገሩ ሰዎች ኬቱቫላም ይሉታል። በማላያላም ቋንቋ "ኬቱ" ማሰር ነው፣ "ቫላም" ደግሞ ጀልባ። ድሮ ሩዝና ቅመም ይጫንበት ነበር። ሳንቃው በምስማር አይመታም፤ ከኮኮናት ቃጫ በተገመደ ገመድ እየተሰፋ ይያያዛል። ዛሬ ግን በዚያው ጀልባ ላይ መኝታ ቤት፣ ሻወርና ወጥ ቤት ተሠርቶበታል። አንዳንዱ ፎቅ አለው። ይህን የሚያህል ቤት ሁለት ታንኳ በጭንቅ በሚተላለፍበት ቦይ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የሚዞረው ቬምባናድ ሐይቅና ትላልቆቹ ቦዮች ላይ ነው። ቬምባናድ በህንድ ረጅሙ ሐይቅ ነው። አብዛኞቹ ጀልባዎች ከአላፑዛ ይነሳሉ፤ የቀድሞ ስሟ አሌፒ ነው። ከሐይቁ ምሥራቅ በኩል ከኩማራኮም የሚነሱም አሉ። ያንን የሚያምር ፎቶ ያነሳው ሰውዬ ግን ቤት ጀልባ ላይ አልነበረም። ታንኳ ላይ ነበር።

መፍትሄው አጠያየቃችሁ ላይ ነው። ወኪሉን "ጠባብ ቦይ ውስጥ እንገባለን ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁት፤ መልሱ "አዎ" ነው። "በምን እንገባለን?" በሉት። "በሺካራ" ወይም "በመቅዘፊያ ታንኳ" ካላችሁ የሚያወራውን ያውቃል ማለት ነው። ሺካራ ጥላ ያላት ትንሽ የመዝናኛ ጀልባ ናት። እኔን ብትጠይቁኝ ቤት ጀልባ ላይ አንድ ሌሊት በቂ ነው። በሁለተኛው ቀን በጠዋት ታንኳ ተከራዩና መንደሮቹ መሃል ግቡ። ልብስ የሚያጥቡ እናቶች፣ ዳክዬ የሚነዱ ሰዎች፣ ዩኒፎርም ለብሰው ድልድይ የሚሻገሩ ልጆች፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ኪሱ ለሳሳበት ደግሞ የመንግሥት ጀልባ አለ። ከአላፑዛ ኮታያም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ ዋጋው የአውቶቡስ ያህል ነው። ሠራተኛውም ገበያተኛውም አብሯችሁ ይሳፈራል። ከእኛ አንበሳ አውቶቡስ የሚለየው ውሃ ላይ መሄዱ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ከቤት ጀልባው ይልቅ እሱን ወድጄዋለሁ።

"ገና ሳንጀምር መልህቅ ጣሉ"

ይሄኛው የራሴ ጉድ ነው። የላኩልኝ መልእክት መግቢያው 12:00 ነው ይላል። እኔ ደግሞ ማስታወሻዬ ላይ "12 ሰዓት" ብዬ ገለበጥኩት። ኮቺ ከተማ ላይ ተዝናንተን ምሳ በላን፣ ሱቅ ዞርን፣ "ገና ነው" እያልኩ። ወደቡ ስንደርስ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሆኗል። ጀልባው ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቀን ውሏል። ትንሽ እንደሄድን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዳር ይዞ ቆመ። በጨለማ መሄድ ክልክል ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ማታ መረባቸውን የሚዘረጉበት ሰዓት ስለሆነ። በማግስቱ በጠዋቱ 3 ሰዓት "ውረዱ" ተባልን። ባለቤቴ "ቆሞ ውሃ ማየትማ ቢሾፍቱስ ምን አለኝ?" አለችኝ። እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

መነሻው ሁለት ዓይነት ሰዓት በአንድ ጭንቅላት መያዝ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ላይ ሁላችንም እንጠነቀቃለን፤ በዋትሳፕ የመጣ መልእክት ላይ ግን እንዘናጋለን። መውጫው 9:00 ነው የሚለውን ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ያነበበ ሰውም አውቃለሁ። እሱ ሻንጣውን ያሰረው እየለመነ ነው።

መላው ቀላል ነው። ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ። "መግቢያ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ መውጫ ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ብላችሁ በሙሉ ጻፉት። ህንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ ያቺን ግማሽ ሰዓት አትርሷት። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ከወር ስም ጋር አስጽፉ።

"ሌሊቱን በላብ አለቅን"

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው። እዚያ ደግሞ ከባሕር እኩል ናችሁ። እንዲያውም ኩታናድ የሚባለው አካባቢ የሩዝ ማሳው ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ጀልባው ላይ ሆናችሁ ገበሬውን ቁልቁል ታዩታላችሁ። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላቡ አይደርቅም።

ይህንን ሰው ይገምታል። የማይገምተው ኤሲውን ነው። ብዙ ጀልባዎች ኤሲ የሚከፍቱት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ፣ እሱም መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። በጄኔሬተር ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል። "ኤሲ አለው" ማለትና "ኤሲው ቀን ይሠራል" ማለት ለየቅል ናቸው። ቀን የሚሠራ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ዋጋው ይጨምራል። ጂንሱን እዚሁ ተዉት። ጋቢም አያስፈልግም፣ ነጠላ ግን ትጠቅማለች። ትንኝም አለ። የዴንጊ ትኩሳት የሚያስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የሚናከሰው፤ ስለዚህ የሚቀባውን ማታ ብቻ አትቀቡ።

"ጀልባው እንቦጭ ውስጥ ቆመ"

አዎ፣ ያው የጣናው እንቦጭ! ወይን ጠጅ አበባውን ሳየው እንደ አገሬ ሰው ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝም። አመጣጡ ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ እኛንም እነሱንም የያዘን አንድ እንግዳ ነው። ኬረላ ውስጥ ሌላም ተንሳፋፊ አረም አለ፣ ስሙን "የአፍሪካ አረም" ብለውታል። እሱም መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በእኛ ተላከከ።

ለምን ይበዛል? እንቦጭ ጨው አይወድም። ቬምባናድ ከባሕር ጋር የሚገናኝ ሐይቅ ነው። ሆኖም ታኔርሙኮም ላይ በር ያለው ግድብ ተሠርቶለታል። ሩዙ እንዳይቃጠል በበጋ በሩ ይዘጋና ጨዋማው ውሃ እንዳይገባ ይደረጋል። ያን ጊዜ ውሃው ይተኛል፣ አረሙም ይመቸዋል። ከዚያ ነፋስ እየገፋ ቦይ ላይ ይከምረዋል፣ የሞተሩ መቅዘፊያ ላይም ይጠመጠማል።

እናንተ ምንም ማድረግ አትችሉም። ካፒቴኑ ወደኋላ ይመልሰዋል፣ ረዳቱ ረጅም እንጨት ይዞ ይጠርጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቃችኋል። ቀድማችሁ መጠየቅ የምትችሉት "በዚህ ሳምንት የትኛው መስመር ክፍት ነው?" የሚለውን ነው። ጀልባ ነጂዎቹ ያውቃሉ፤ የአዲስ አበባ ወኪል አያውቅም።

"ዝናብ አላስወጣ አለን"

ከክረምታችን ሸሽቶ ሐምሌ ላይ የሚሄድ ሰው ክረምቱን ተከትሎት ሄደ ማለት ነው። እዚያም ዝናቡ የሚገባው ሰኔ አካባቢ ነው፤ ጥቅምትም ላይ ተመልሶ ይመጣል። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ኬረላን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ይታወሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ፤ ገና ሰሞን ግን ወረፋውም ዋጋውም ይብሳል።

"አየር ማረፊያ ላይ አስቀሩኝ"

ከዚህ ዝርዝር ሁሉ ቀልድ የሌለበት ይሄ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለተመደበች፣ ህንድ ስትገቡ የክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ። ከሌላችሁ እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩአችሁ ይችላሉ። ዋዜማ ላይ መከተብም አያድንም፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። አንዴ ከተከተባችሁ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት።

"ጾም ነኝ ብዬ እርጎ አመጡልኝ"

ህንድ አገር አትክልት ብቻ የሚበላ ሰው ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይበላል። ስለዚህ ሥጋ አልበላም ማለት አይበቃም፤ "ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም" ብላችሁ ቁጠሩላቸው። ምግቡ ራሱ ለጾም የተመቸ ነው። የሚሠራው በኮኮናት ዘይት ነው፣ ቀዩ ሩዝም ያጠግባል። አብሳዩ የማላንካራ፣ ማለትም የህንዱ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምዕመን ከሆነማ አንድ ቃል ይበቃል፤ እህት ቤተ ክርስቲያን ናት። አባቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ በጠሩት ጉባኤ ተገኝተዋል። ደግሞ ወላጆቻችንን ሒሳብ ያስተማሩት ህንዶች ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ናቸው፤ አጎቱ ወይም አክስቱ እኛ ጋ ያስተማሩ ሰው ብታገኙ አይግረማችሁ። ካሪሚን የሚባለውን ዓሣቸውን በተመለከተ ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። እኔ አልገባበትም።

"ዋና አልችልም፣ ፈራሁ"

ቤት ጀልባ እምብዛም አይወዛወዝም፤ ማስታወክ የሚፈራ ሰው ይረጋጋ። ፍርሃቱ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ እዚያው ኬረላ፣ ታኑር ላይ አንድ የመዝናኛ ጀልባ ተገልብጦ 22 ሰዎች ሞተዋል። ከአቅሙ በላይ ሰው ጭኖ ነበር። ቤት ጀልባ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት የምዝገባ ቁጥሩን እዩ፣ ስንት ሰው እንዲጭን እንደተፈቀደለት ጠይቁ። ላይፍ ጃኬቱን "አለ" ሲሉአችሁ "አሳዩኝ" በሉ። ቆልፈውበት ወይም ከፍራሽ ስር ቀብረውት ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት። ለልጆች የሚሆን ልክ መኖሩን ለብቻው ጠይቁ፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ሕፃን ላይ ይሾልካል።

ጥቃቅኑ

ስፒና፦ ቀጭኑ ባለሁለት እግር ቻርጀራችን ይገባል፣ ወፍራሙ ክብ ግን አይገባም፤ መለወጫ ያዙ። ገንዘብ፦ ቴሌብር እዚያ የለም፣ ጀልባው ላይም ካርድ አትመኑ። ከመሳፈራችሁ በፊት ሩፒ መንዝሩ። ለካፒቴኑ፣ ለረዳቱና ለአብሳዩ ጉርሻ ስትሰጡ ለየብቻ ስጡ፤ ለአንዱ ከሰጣችሁት ሦስተኛው ጋ መድረሱን እንጃ።