ከወሎ ደጋ ወርዶ የቀይ ባሕርን ኮራል እንዴት ማየት ይቻላል?

እኛ ቤት ቡፌው ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ ነበረ። እንደ ደረቀ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያለው። አባቴ ከአሰብ ያመጣው ነው። ያን ጊዜ የኮምቦልቻ ሾፌር በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር። መንገዱ እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የወሎ ሰው ባሕር ሲል አሰብን ማለቱ ነው። ድንጋዩ ኮራል እንደሚባል፣ ኮራልም የጥቃቅን እንስሳት አጽም እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በሕይወት እያለ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ሁርጋዳ ድረስ ሄድኩ።

ሁርጋዳ በግብፅ፣ በቀይ ባሕር ዳር ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት። ድሮ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ዛሬ ዳርቻዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሆቴል ነው። እኔና ባለቤቴ ደሴ ተወልደን ያደግን፣ ዋና የማናውቅ ሰዎች ነበርን። ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ላለ የደጋ ሰው ነው።

ከቤት ሳትወጡ መንሳፈፍ ልመዱ

ስኖርክል ማለት ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ፣ በቱቦ እየተነፈሱ፣ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ማየት ነው። ጎበዝ ዋናተኛ መሆን አይጠይቅም። መንሳፈፍና አለመደንገጥ ግን የግድ ነው። እነዚህን ደግሞ ባሕር ዳር ቆሞ በአንድ ጠዋት መማር አይቻልም።

ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ፈልጉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። መጀመሪያ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ፊታችሁን ንከሩና ትንፋሻችሁን በአፍ ቀስ እያላችሁ አውጡ። ይህ ሲለመድ የገንዳውን ጠርዝ ይዛችሁ እግራችሁን ልቀቁት። ቀጥሎ ጠርዙን ልቀቁ። እኔን የከበደኝ እዚህ ላይ ነው። ሰውነቴን ባጠነከርኩ ቁጥር እሰምጣለሁ። አንድ ቀን ደክሞኝ ዝም ብዬ ስተኛበት ውሃው ተሸከመኝ።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ውሃውም ያማልላል። ለልምምድ ግን አልመክርም። በአካባቢው ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው። እስጢፋኖስ ገዳምን ተሳለሙ፣ ዓሣ ብሉ፣ ዋናውን ለገንዳ ተዉት።

የሚያበረታ ነገር ልንገራችሁ። ቀይ ባሕር ጨዋማ ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 40 ግራም ገደማ ጨው አለ። ሌላው ውቅያኖስ በአማካይ 35 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ የተንሳፈፈ ሰው ቀይ ባሕር ላይ ይበልጥ ይቀልለዋል።

ወረቀት፣ ወቅትና ሆቴል

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን። ቪዛውን ትኬት ከመቁረጥ በፊት ጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ግብፅ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚያገለግለው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት። የውጭ ምንዛሬውን በቪዛና በትኬት ከባንክ ውሰዱ።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ካይሮ። ከካይሮ ሁርጋዳ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በአውቶቡስ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀኑን ግማሽ ይፈጃል። መናኸሪያ ስትሄዱ «ሁርጋዳ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። አረቦቹ «ገርደቃ» ነው የሚሏት፤ ቦርዱም ላይ በአረብኛ እንደዚያ ነው የተጻፈው። አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህት ወይም አክስት አብራችሁ ካለች ግማሹ ሥራ አለቀ።

ጥሩው ወቅት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። ነሐሴ ላይ ባሕሩ 28 ዲግሪ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከውሃ ስትወጡ ፀሐዩ ያቃጥላል። የካቲት ላይ ደግሞ ውሃው ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ያንቀጠቅጣል። ሮመዳን ላይ ከሆነ የምግብና የሥራ ሰዓት ስለሚለዋወጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሆቴል ስትመርጡ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ኮራል አለ ወይስ አሸዋ ብቻ? ሁርጋዳ ላይ ብዙው ዳርቻ አሸዋ ነው። ኮራል ያላቸው ሆቴሎች አብዛኛውን ጊዜ ረጅም የእንጨት ድልድይ ወደ ባሕሩ አስገብተዋል። እሱ ላይ ሄዳችሁ በመሰላል ትወርዳላችሁ። እንዲህ ያለ ሆቴል ካገኛችሁ በየቀኑ ጀልባ መከራየት አያስፈልግም።

ማስኩን መሬት ላይ እያላችሁ ሞክሩ

ለዋና የሚደረገው ትንሽ መነጽር ለዚህ አይሆንም። አፍንጫን ጭምር የሚሸፍን ማስክ ያስፈልጋል። ሲለካ ማሰሪያውን ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ አድርጉትና በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሳቡ። ሳይወድቅ ከተጣበቀ ልካችሁ ነው። ከወደቀ ሌላ ሞክሩ፤ ማሰሪያ ማጥበቅ አያድነውም።

ባለቤቴ ሹሩባ ተሠርታ ነበር የሄደችው። ከግንባሯ የወጣችው ቀጭን ሹሩባ በማስኩ ጠርዝ ስር ገብታ ውሃ አስገባች። የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አለፈ። ጸጉር፣ ሻሽ፣ የሂጃብ ጠርዝ፣ ሁሉም ከማስኩ ጎማ ውጭ መሆን አለበት። ጢም ያለው ሰው ከንፈሩ በላይ ትንሽ ቫዝሊን ይቀባ።

አዲስ ማስክ እንፋሎት ይይዛል። ውስጡን በጥርስ ሳሙና ፈትጋችሁ እጠቡት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ምራቅ ትፉበት፣ አሹት፣ አለቅልቁት። ነውር ይመስላል፤ ባሕር ላይ ግን ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ገላን የሚሸፍን የዋና ልብስ ለወንዱም ለሴቷም እመክራለሁ። ሙሉ ልብስ ለብሰው የሚዋኙ ሙስሊም ሴቶች እዚያ ብዙ ናቸው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ፊትን ደፍቶ ሲንሳፈፉ ጀርባ ሳይታወቅ ይቃጠላል። ልብሱ ከዚያ ያድናል፤ የፀሐይ ክሬምም ይቀንሳል። በአንዳንድ ክሬም ውስጥ ያለው ኦክሲቤንዞን የሚባል ኬሚካል ኮራልን ይጎዳል።

ባሕሩ ውስጥ

ለብቻ አትግቡ። ላይፍ ጃኬት ልበሱ። መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ አሸዋማ ቦታ ላይ ገንዳ ውስጥ የተለማመዳችሁትን ድገሙ። ቱቦው ውሃ ከገባበት በኃይል «ቱ!» ብላችሁ ንፉት፤ ይወጣል። የእግር ክንፉን (እንደ ዳክዬ እግር ሰፊውን የዋና ጫማ) አድርጋችሁ መራመድ ካለባችሁ የኋሊት ተራመዱ።

ስትንቀሳቀሱ መጀመሪያ ከውሃው ፍሰት በተቃራኒ ሂዱ። ስትደክሙ ውሃው ራሱ ይመልሳችኋል። ይህን የገለበጠ ሰው ኃይሉ ካለቀ በኋላ ነው የመመለሻው ትግል የሚጀምረው።

በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ ብዙዎቹ ጠዋት ወደ ጊፍቱን ደሴቶች ይወጣሉ። ሁለት ቦታ ያዋኛሉ፣ ምሳ ጀልባው ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳሉ። ወደ ደሴቶቹ የሚከፈለው መግቢያ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ጠይቁ። ዋጋ ስትነጋገሩ የሰኞውን ባቲ ገበያ አስቡ፤ የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ላይፍ ጃኬቱና አስጎብኚው ላይ ግን አትደራደሩ። እኛ አንድ ቀን በርካሽ የሄድንበት ጀልባ ለ20 ሰው አንድ አስጎብኚ ነበረው። እሱ ደግሞ ኮራል ላይ ቆሞ ነበር ሰው የሚጠራው። በጣም አሳዘነኝ።

የሚያሳዝንበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ድፍን ሆኖ የሚያድገው ኮራል በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚጨምረው። ያ ሰው የቆመበት እንደ ጎጆ የሚያክል ነበር። ከእሱ ከአያቱም በፊት የነበረ ነው። ላዩ ሕይወት ያለው ስስ ሥጋ ነው፤ ቀለሙን የሚያገኘው ውስጡ ከሚኖሩ፣ አልጌ ከሚባሉ ጥቃቅን ዕፅዋት መሰል ነገሮች ነው። ምግቡንም በአብዛኛው የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ጫማ ሲረግጠው ይሞታል። የሁርጋዳ ጠላቂዎች ይህን አይተው ነው እ.ኤ.አ. በ1992 ሄፕካ የሚባለውን ማኅበር ያቋቋሙት። ጀልባዎች መልሕቃቸውን ኮራሉ ላይ እንዳይጥሉ ባሕሩ ውስጥ ቋሚ ማሰሪያ ተከሉ። ጀልባችሁ እዚያ ማሰሪያ ላይ ሲታሰር ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ስለዚህ አትቁሙበት፣ አትንኩት። ዛጎልም ሆነ የተሰበረ ኮራል ይዞ ከግብፅ መውጣት ክልክል ነው። ለአባቴ ሌላ ድንጋይ ሳይሆን ፎቶ ነው ያመጣሁለት።

አሁን ቀና ሳትሉ ዝም ብላችሁ ተንሳፈፉ፤ ጆሯችሁንም ስጡ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ፓሮት የሚባለው ዓሣ በጥርሱ ኮራሉን ሲፍቅ ነው። የፈጨውን በኋላ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፤ ከምትተኙበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የእሱ ሥራ ነው። ብርቱካናማውና ነጭ መስመር ያለበት ትንሹ ዓሣ የባሕር አበባ የሚመስል ነገር ውስጥ ይደበቃል። አበባው ሌላውን ዓሣ ይናደፋል፤ እሱን ግን አይነካውም። ቀይ ባሕር ውስጥ ከ1,000 በላይ የዓሣ ዓይነት አለ፤ ከነሱም ሌላ ባሕር ላይ የማይገኙ ብዙ ናቸው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ድንጋይ መስሎ መሬት ላይ የሚተኛ መርዛማ ዓሣ አለ፤ ስለዚህ ስትገቡም ስትወጡም የውሃ ጫማ አድርጉ። ሌላው ትሪገር የሚባለው ትልቁ ዓሣ ነው። እንቁላል ሲጠብቅ ይቆጣል፤ ይናከሳልም። የሚጠብቀው ቦታ ከጎጆው ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ነው። ከመጣባችሁ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ሽሹ።

የአየር ታንክ አዝሎ መጥለቅ

ስኖርክሉ ከጣማችሁ አንድ ቀን ስኩባ ሞክሩ። ለጀማሪ የሚሰጥ የሙከራ ጥለቃ አለ፤ አስተማሪው አጠገባችሁ ሆኖ ከ12 ሜትር አያሳልፋችሁም። ሙሉ ኮርስ መውሰድ የሚፈልግ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይበቃዋል።

የጤና ቅጽ ያስሞሏችኋል። አስም፣ የልብ ችግር፣ የጆሮ ሕመም ካለ አትደብቁ። ጉንፋን ካለባችሁም ተዉት። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውሃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው፤ የተደፈነ ጆሮ አይችለውም። ስትወርዱ ጆሯችሁ ሳያምም፣ ገና ከመጀመሪያው ሜትር ጀምራችሁ አፍንጫችሁን ይዛችሁ በቀስታ ንፉ። ካመመ ትንሽ ከፍ በሉና እንደገና ሞክሩ። ትንፋሽ በፍጹም አትያዙ። ትንፋሽ ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እየተለጠጠ ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል።

መመለሻውን ከመሄጃው በፊት አስሉት

ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡልኝ። በሌላ አገር የሚጻፉ ምክሮች የሚጻፉት ቤቱ ባሕር ጠለል አጠገብ ለሆነ ሰው ነው። የእኛ ቤት እዚያ አይደለም።

ታንክ አዝላችሁ ስትጠልቁ በግፊቱ ምክንያት ከምትተነፍሱት አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሰውነታችሁ ውስጥ ይሟሟል። ስትወጡ ቀስ ብሎ በትንፋሽ ይወጣል። ግፊቱ በፍጥነት ከቀነሰ ግን ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ፣ ነርቭ፣ አንጎል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው ጠልቆ ወዲያው አውሮፕላን መሳፈር የሚከለከለው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው።

ደሴ ስንት ሜትር ላይ ናት? 2,500 ሜትር ገደማ። አዲስ አበባም ከ2,300 በላይ ናት። ሌላው ተጓዥ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወደ ሙሉ ግፊት ይመለሳል። እኛ ግን ስናርፍም አየሩ እንደሳሳ ይቆያል። በጅቡቲ በኩል በመኪና የሚመለስም ቢሆን ያው ነው። ባሕር ዳር ውሎ፣ ሚሌን አልፎ፣ ባቲን ወጥቶ ማታ ደሴ ቢገባ አውሮፕላን እንደተሳፈረ ይቆጠራል።

የተለመደው ምክር ለአንድ ጥለቃ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። ለእኛ ሰው ሙሉ 24 ሰዓት ይሁን እላለሁ። ምልክቱ ከታየ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ 24 ሰዓት ውስጥ ነው የሚታየው። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ማሳከክ፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ያልተለመደ ድካም ካለ አትሳፈሩ። ሕክምናው ኦክሲጅንና የግፊት ክፍል (የአየር ግፊቱ ከፍ የሚደረግበት ዝግ ክፍል) ነው፤ ሁርጋዳ ላይ ይገኛል። እዚያው እያላችሁ ቢታወቅ ይሻላል።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ከሄዳችሁ ስኩባውን መሃል ላይ አድርጉት። ከላይ ተንሳፍፎ በቱቦ ማየት ይህ ችግር የለበትም፤ እስከ መጨረሻው ቀን ይቻላል። እኛ የመጨረሻውን ቀን ጠዋት ድልድዩ ስር ስንንሳፈፍ፣ ምሳ ኮሸሪ በልተን፣ ከሰዓት በኋላ የዓሣ ገበያውን ስንዞር ነው ያሳለፍነው።

ማታ ማስኩንና ቱቦውን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ጨው ከደረቀበት ጎማው ይሰነጠቃል። የእኛ ማስክ አሁን ኮምቦልቻ፣ የአጎቴ ልጅ ጋ ነው። ገንዳ ውስጥ ፊቷን መንከር ጀምራለች፤ ጠርዙን ግን ገና አልለቀቀችም።