በኖድ ሬድ ውስጥ የመልእክትን ዓይነት እንዴት መቆጣጠር እንደሚቻል

ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ የእህል መጋዘን ኖድ ሬድ በሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ የገቢ እህል መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። ጠዋት ከከሚሴ 40፣ ከሰዓት በኋላ ከባቲ 35 ኩንታል ማሽላ ገባ። ድምሩ 4035 ሆኖ ወጣ። መጋዘን ጠባቂው «ይህን ሁሉ የት ላስቀምጠው ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በስልክ ከሚሞላው ቅጽ የመጣው 40 ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው፤ ኖድ ሬድ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሁለት ጽሑፎችን ደምር ሲሉት ጎን ለጎን ይቀጥላቸዋል።

ኖድ ሬድ ሥራን በመስመር በተያያዙ ሳጥኖች፣ ማለትም በኖዶች ያስኬዳል። ከኖድ ወደ ኖድ የሚያልፈው መልእክት ዋና ጭነቱን «ፔይሎድ» በሚባለው ክፍል ይይዛል። መስመሩ ኬላ የለውም፤ ጽሑፍም ቁጥርም ዝም ብሎ ያሳልፋል።

መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ኖድ ቀጥሎ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳየውን «ዲበግ» ኖድ ያያይዙ። በቀኙ ሰሌዳ ላይ ከይዘቱ በላይ ዓይነቱ ተጽፎ ይታያል። የእኔው 40 «ስትሪንግ» ተብሎ በቅንፍ 2 ተጽፎበት ነበር፦ ባለ ሁለት ፊደል ጽሑፍ ማለት ነው። ያን ዕለት አይቼው ቢሆን ኖሮ አይሳቅብኝም ነበር።

ቀጥሎ ከቅጹ መቀበያ አጠገብ የራስዎን ኮድ የሚጽፉበትን «ፈንክሽን» ኖድ አስገብተው ኩንታሉን «ነምበር» በሚለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር ይቀይሩ። እዚያው በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ይቀይሩት እንጂ በየኖዱ አይበትኑት። ሲጨርሱ አዲስ መልእክት ፈጥረው አይላኩ፤ የተቀበሉትን ራሱን አስተካክለው ይመልሱ። የቅጹ ላኪ የሚጠብቀው መልስ በየት እንደሚመለስ የሚያውቀው ያ የመጀመሪያው መልእክት ብቻ ነው። ከጠፋ ቅጹን የላከው ሰው ስልክ መልስ እየጠበቀ ሲዞር ይቀራል።

ቀንን በተመለከተ ግን ወደ ቀን ዓይነት አይቀይሩት፤ ጽሑፍ ሆኖ ይለፍ። ጳጉሜን 3 ቀን 2016 በእኛ አጻጻፍ 3/13/2016 ነው። ጃቫስክሪፕት ወሩን አስቀድሞ ስለሚያነብ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2016 ማርች 13 ያደርገዋል፤ ስህተት ነው ብሎም አያስጠነቅቅም።

አሁን ለውጡን ሥራ ላይ የሚያውለውን «ዲፕሎይ» ይጫኑና 40 እና 35 አስገብተው ይሞክሩ፤ 75 መውጣት አለበት። ከዚያ «40 ኩንታል» ብለው ይጻፉ፤ «ናን»፣ ማለትም ቁጥር ያልሆነ የሚል ይመጣል። በመጨረሻ ቦታውን ባዶ ይተዉት። ባዶው በዝምታ 0 ሆኖ ይመዘገባልና፣ ከመቀየሩ በፊት ባዶ መሆኑን አጣርተው ቅጹን ለላኪው ይመልሱ።