በሰማያዊ ጽፎ በጥቁር ማንበብ፦ ከብረት ቀለም ጋር እንዴት እንደሚኖር

ባለፈው ዓመት አንድ ቢሮ ማመልከቻ ይዤ ሄድኩ። ፊርማዬን ያኖርኩት ቤቴ ሆኜ በሰማያዊ ቀለም ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ቀን ከረመ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይሄ ኮፒ ነው፤ ኦሪጅናሉን ያምጡ» አለችኝ። እኔም አየሁት። ፊርማዬ ጠቁሯል። ምን ላድርግ? ጣቴን በምራቅ አረስኩና የፊርማውን ጭራ አሸት አደረግኩት። ጣቴ ላይ ስስ ሰማያዊ ወጣ። ኮፒ በምራቅ አይለቅም። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማህተሟን መታችበት።

ጥፋቱ የኔም የሷም አልነበረም። የቀለሙ ጠባይ ነው። እህቴ ከጀርመን ስትመጣ ይዛልኝ የምትመጣው ሳሊክስ የሚባል፣ ብዕር ውስጥ እየተሞላ የሚጻፍበት ቀለም ነው፤ ሠሪዎቹ ሮረር ኡንድ ክሊንግነር ይባላሉ። በእንግሊዝኛ «አይረን ጎል» ይሉታል። እኔ የብረት ቀለም እለዋለሁ። የዚሁ ዘር የሆኑ ሌሎችም አሉ። የጃፓኑ ፕላቲነም ብሉ ብላክ፣ የጀርመኑ ፔሊካን 4001 ብሉ ብላክ፣ የእንግሊዙ ዳያሚን ሬጅስትራርስ ኢንክ ይገኙበታል። የመጨረሻው ስሙን ያገኘው ከመዝገብ ሹሞች ነው። እንግሊዝ አገር የጋብቻ መዝገብ በእጅ ይጻፍ በነበረበት ጊዜ የሚጻፈው በእንዲህ ዓይነት ቀለም ነበር። በ2021 በፈረንጆቹ ግንቦት ላይ ወደ ኮምፒውተር ገባ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ «ብሉ ብላክ» የተባለ ሁሉ የብረት ቀለም አይደለም። አብዛኛው ተራ ማቅለሚያ ነው። ስትገዙ ጠይቁ።

እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልግም። ወፈር ያለ ሻይ ቅዱና የዛገ ሚስማር ጣሉበት። ሲያድር ሻዩ ይጠቁራል። ሻይ ውስጥ አፍን ጭምድድ የሚያደርገው ታኒን የሚባለው ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ለዚህ ቀለም ታኒኑ ከድሮ ጀምሮ የሚመጣው ከባሉጥ ዛፍ ነው። አንዲት ትንሽ ተርብ ዛፉ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ዛፉ እዚያ ቦታ ላይ ያብጣል፤ ሰዎች እባጩን ለቅመው ይወቅጡታል። ብልቃጡ ውስጥ ብረቱ በአሲድ ተይዞ ሟሙቶ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ገና አልጠቆረም። ወረቀት ላይ ሲወርድ አየር ያገኘዋል። ያኔ ይጠቁራል፤ ከጠቆረ በኋላ ደግሞ በውኃ አይሟሟም። ስትጽፉ የምታዩት ሰማያዊ ለዓይን ብቻ የተጨመረ ማቅለሚያ ነው። እሱ ባይኖር ባዶ ወረቀት ላይ የምትጽፉ ይመስላችኋል።

ስለዚህ ጉዳዩ ሁሉ የአየር ጉዳይ ነው። ወረቀቱ ላይ አየር እንዲያገኘው እንፈልጋለን፤ ብዕሩ ውስጥ እንዳያገኘው እንፈልጋለን። ከዚህ በታች የምላችሁ በሙሉ ከዚህ ይመነጫል።

(እዚህ ላይ አንድ ሰው «ያው የአባቶቻችን የብራና ቀለም ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። የኛ ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ጥላሸት ነው። ከቀንዱ ሲወጣም ጥቁር ነው፤ ለመጥቆር አየር አይጠብቅም።)

መጀመሪያ ወረቀቱን እንይ፤ ደስ የሚለው እሱ ነው። እኔ የምጽፈው ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ላይ ነው። ሌላ የብዕር ቀለም እዚህ ደብተር ላይ ስጽፍ ፊደሉ እግር ያወጣል፤ «ጠ» እና «ጨ» አይለዩም። ጀርባውም ይበላሻል። የብረት ቀለም ግን ባለበት ቁጭ ይላል። መስመሩ ቀጭን ነው፤ ከኋላም ብዙ አያሳልፍም። እንደኔ በርካሽ ወረቀት የሚኖር ሰው ለዚህ ብቻ ብሎ ሊገዛው ይችላል።

አጠቋቆሩን ለማየት አንድ ቅዳሜ የአስቤዛ ዝርዝር ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። አቦል ሲቀዳ ሽንኩርቱም ዘይቱም እንደ ትምህርት ቤት ቀለም ፍክት ያለ ሰማያዊ ነበር። ቶና ላይ ሰማያዊው አቧራ የነካው መሰለ። በረካው ሲወርድ ብዕሩ ጠንከር ብሎ ያረፈበት ቦታ፣ የፊደሉ ራስና መታጠፊያው፣ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ ቀጫጭኑ መስመር ግን ገና ሰማያዊ ነው። አንድ «ሽ» ላይ ሁለቱን ቀለም ጎን ለጎን አየሁ። በማግስቱ ሁሉም ሰማያዊ የተቀላቀለበት ግራጫ ሆነ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የበለጠ ከረረ። ሳሊክስ ለዘብ ያለ ነው፤ ዳያሚን ሬጅስትራርስ ከዚህ በጣም ይጠቁራል።

ውኃውንስ? ሐምሌ ላይ ቦርሳዬ ዝናብ ገብቶበት ደብተሬ ራሰ። ሰማያዊው በየገጹ ፈሰሰ፤ ፊደሉ ግን ግራጫ ሆኖ ቀረ። ሁሉንም አነበብኩት። ያልዳነው የዚያኑ ዕለት ጠዋት የጻፍኩት ገጽ ነው፤ ገና አየር አልጠገበም ነበር። አስፈላጊ ነገር ስትጽፉ አንድ ሁለት ቀን ከውኃ አርቁት።

አሁን ወደ ብዕሩ። ቀለሙ አሲድ አለበት፤ ብረት የያዘም ነው። ለዘመኑ የማይዝግ ብረት ጫፍ ችግር የለውም። የወርቅ ጫፍ ከሆነማ ጭራሽ አይነካውም። የምትፈሩት ከአያት የተወረሰ፣ ወርቅ የተቀባና ቅቡ የላላ ብረት፣ ወይም ውስጡ የነሐስ ክፍል ያለው አሮጌ ብዕር ነው። በዚያ አትጀምሩ። የኔ የመጀመሪያ ምክር የፕላቲነም ፕሬፒ ነው። ርካሽ ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ ግን አየር አያስገባም። ውድና ክዳኑ ልል ከሆነ ብዕር ርካሽና ክዳኑ ጥብቅ የሆነው ይሻላል። ለዚህ ቀለም ክዳን ማለት ግማሽ ጥገና ነው።

ሌላው ነገር፣ የብረት ቀለም ደረቅ ነው። ሌላ ቀለም የሚጎርፍበት ብዕር በዚህ ልክ ይጽፋል። ሌላ ቀለም በልክ የሚጽፍበት ብዕር ግን በዚህ ይቆነቁናል፤ ወረቀቱን ሲቧጭር ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ቀለም የሚያበዛውን፣ ያናደዳችሁን ብዕር ስጡት። ይጣጣማሉ። በጣም ቀጭን ጫፍም አትምረጡ፤ መካከለኛ ይበቃል።

ከሞላችሁት በኋላ ሕጉ አንድ ነው፦ በየቀኑ ጻፉበት። ሁለት መስመርም ቢሆን። ጉዞ የምትሄዱ ከሆነና ብዕሩ የሚቀር ከሆነ አጥባችሁ ሂዱ። እኔ ግማሽ ብቻ ነው የምሞላው፤ ሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። እየጻፋችሁበትም ቢሆን በወር አንዴ በቀዝቃዛ ውኃ እየሳባችሁ እየተፋችሁ እጠቡት፤ ውኃው ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ከብዕሩ የሚወጣው ቀለም ገና ሲጻፍ ጠቆር ካለ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ለመጀመር ካንገራገረ፣ ወሩን አትጠብቁ። ውስጥ አየር አግኝቶታል ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። አንድ ቀን ቀለሙ ሊያልቅብኝ ሆነና ቤት ያገኘሁትን ሌላ ሰማያዊ ቀለም ላዩ ላይ ሞላሁበት። ሁለቱም ሰማያዊ አይደሉ? አንድ ቀን ጻፈ። በማግስቱ ዝም አለ። ስፈታው ከጫፉ ሥር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ቀለሙ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ስንጥቆች፣ የጀበና አተላ የመሰለ ነገር ሞልቷቸዋል። አሲድ ያለበትን ቀለም አሲድ ከሌለበት ጋር ስታገናኙት ብረቱ ይረጋና ይዘቅጣል። አትደባልቁ። ቀለም ስትለውጡም በመሃል ብዕሩን በደንብ እጠቡ።

ያንን አተላ በውኃ ብቻ ማውጣት ዘበት ነው። መድኃኒቱ ወጥ ቤት ነው ያለው፦ አቼቶ። ነጩን አቼቶ አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ አድርጋችሁ ጫፉንና ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። ከፋርማሲ የተገዛ የቫይታሚን ሲ ዱቄት ካላችሁ ከአቼቶውም ይሻላል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። የጠቆረውን ብረት መልሶ ያሟሟዋል። ብርቱካንማ ቀለም የተጨመረበትን ክኒን ግን አትጠቀሙ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡና ሶፍት ላይ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አሳድሩት።

በረኪና አታስቡ። እኛ ቤት እድፍ ሁሉ መልሱ በረኪና ነው፤ እዚህ ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከዚህ ቀለም አሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ፣ እድፉንም አያስለቅቅም። ሸሚዝ ላይ ብታፈሱበት ሰማያዊው ይጠፋና ቢጫ የዝገት ምልክት ይቀራል። ሸሚዝ ላይ ሲፈስ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ ሎሚና ጨው። ለዝገት እናቶቻችን የሚያደርጉት ያው ነው፤ ምክንያቱም ይሄም ዝገት ቢጤ ነው። ከለር ያለው ልብስ ከሆነ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ሞክሩት፤ ሎሚ ያነጣል።

ብልቃጡም ያረጃል። በከፈታችሁት ቁጥር አየር ይገባዋል። እኔ ለወር የሚበቃኝን ያህል ከፋርማሲ በገዛሁት መርፌ ቀድቼ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አኖራለሁ፤ ዋናውን ቁም ሣጥን ውስጥ ጨለማ ቦታ ነው የማስቀምጠው። ከብዕር የተረፈ ቀለም ወደ ብልቃጡ አይመለስም። ሥሩ ላይ ዝቃጭ ካያችሁ አትነቅንቁት፤ ላይ ላዩን ቅዱ። ዝቃጩ ከበዛ ግን ቀለሙ አብቅቶለታል፤ ሳትሳሱ ድፉት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ወረቀት አይበላም?» የሚለውን ነው። ድሮ የተሠራው ይበላ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ባክ በእጁ የጻፋቸው ወረቀቶች ኖታው ባለበት ቦታ ተበልተው ተገኝተዋል። የዛሬዎቹ የብዕር ቀለሞች የብረቱም የአሲዱም መጠን በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ለማስታወሻ ደብተር አልሰጋም። አሮጌ ብራና ላይ ወይም የሰው ቅርስ ላይ ግን በዚህ አትጻፉ።

ካርቦን ባለው ደረሰኝ ላይም አይሆንም፤ ብዕር አይጫንም፣ ከሥር ያለው ኮፒ ባዶ ይወጣል። ለዚያ እስክሪብቶ አለ። ወደዚያ ቢሮም አሁን የምሄደው ሰማያዊ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው፤ ፊርማዬንም ልጅቷ እያየች ነው የማኖረው።