መዝሙር 27ን በጭንቅ ቀን እንዴት እናጥናው? ቁጥር 1 ላይ አትቁሙ

ብዙዎቻችን መዝሙር 27ን የምናውቀው በመጀመሪያ ቁጥሩ ነው። «እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው፤ የሚያስፈራኝ ማን ነው?» ታክሲ ላይ ተለጥፎ አንብበነዋል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይተነዋል። ሰው ሲጨንቀው በቴሌግራም የምንልክለትም ይኸው ነው።

አባቴ ታሞ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ባደርኩበት ሌሊት እኔም ይህችኑ ቁጥር ስደጋግማት አነጋሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ጭራሽ ሌላ ፍርሃት ተጨመረበት፤ «ዳዊት ማንን እፈራለሁ ይላል፣ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ እምነት የለኝም ማለት ነው?» የሚል። ያን ሌሊት ስድስት ቁጥር ብቻ ወረድ ብል ኖሮ ዳዊት ራሱ ሲጮኽ አገኘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን መዝሙር ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። እዚህ የምጽፍላችሁ እኔን የረዳኝን አካሄድ ነው። የነገረ መለኮት ትምህርት አይጠይቅም። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ደብተር፣ ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎችና ማንም የማይረብሻችሁ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

በቅድሚያ ቁጥሩን እናጥራ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። የያዛችሁት የግዕዙን ቁጥር የሚከተል ዳዊት ከሆነ ይህ መዝሙር 26ኛው ነው። የዕብራይስጡን ቁጥር በሚከተሉት መጽሐፍ ቅዱሶች ደግሞ 27ኛው። ዕብራይስጡ መዝሙር 9ንና 10ን ለየብቻ ሲቆጥር የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም አንድ ያደርጋቸዋል፤ ግዕዙም የግሪኩን ይከተላል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው መዝሙር በአንድ ቁጥር የሚለያየው ለዚህ ነው። መዝሙሩ ግን ያው ነው። እኔ በ27 እቀጥላለሁ። ዳዊት የሚደገምበት ቤት ያደጋችሁ ይህን መዝሙር በሰኞ ታውቁታላችሁ፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ይደገማልና። «እግዚአብሔር ያበርህ ሊተ ወያድኅነኒ» የሚለው ዜማ ጆሯችሁ ውስጥ ካለ ትልቅ ስንቅ ይዛችኋል።

አሁን ከቁጥር 1 እስከ 14 ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በዓይን ብቻ አትለፉት፤ መዝሙር ለአፍና ለጆሮ ነው የተሠራው። አታሰምሩ፣ ማብራሪያ አትክፈቱ፣ ዝም ብላችሁ እስከ መጨረሻው ዝለቁ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ ድገሙት። ሦስተኛውን ጊዜ ሰው ያንብብላችሁ። ሰው ከሌለ የራሳችሁን ድምፅ በስልክ ቅዱና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት። መሃል ላይ የሆነ ቦታ ድምፁ ሲለወጥ ትሰማላችሁ። ለእኔ የመዝሙሩ በር እዚያ ጋ ነው።

ያን ቦታ በዓይን ለማየት እስክሪብቶዎቹን አንሱ። ዳዊት ስለ እግዚአብሔር «እርሱ» እያለ የሚናገርበትን በአንዱ ቀለም፣ «አንተ» እያለ እርሱን የሚያናግርበትን በሌላው አስምሩ። ከ1 እስከ 6 ያለው አንድ ቀለም ይወጣዋል። ብርሃኔ ነው፣ በድንኳኑ ሰውሮኛል፣ በዓለት ላይ ከፍ አድርጎኛል እያለ ስለ አምላኩ ለሰው ይመሰክራል። ቁጥር 7 ላይ ቀለሙ ይቀየራል፤ «አቤቱ፣ ስማኝ» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ እስከ 12፣ ከቁጥር 10 በቀር፣ ልመና በልመና ነው። ቁጥር 9 ላይ ብቻ «አት» እያለ የሚለምነውን ቁጠሩት፤ ፊትህን አትመልስ፣ ፈቀቅ አትበል፣ አትጣለኝ፣ አትተወኝ። አራት ጊዜ። ከጥቂት መስመር በፊት ሠራዊት ቢሰፍርብኝ አልፈራም ያለው ሰው ነው ይህን የሚለው።

ከዚህ ልዩነት የተነሳ ሁለት መዝሙሮች ተጋጥመው ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። እኔን አላሳመኑኝም። ጭንቅ ላይ የነበረ ሰው እንዲህ እንደሚናገር ያውቃል፤ ጠዋት «እግዚአብሔር አለ» ብሎ ሌላውን ሲያጽናና ይውላል፣ ማታ ብቻውን ሲሆን «የት አለህ?» ይላል። ደግሞም ቃላቱ ሁለቱን ክፍሎች ያያይዟቸዋል። ቁጥር 1 ላይ «መድኃኒቴ» ያለውን ቁጥር 9 ላይ «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ይጠራዋል። «ልብ» የሚለውን ቃል አክብቡት፤ ቁጥር 3፣ ቁጥር 8 እና ቁጥር 14 ላይ ታገኙታላችሁ። አልፈራም ያለው ልብ፣ ፊትህን እሻለሁ ያለው ልብና ይጽና የተባለው ልብ አንድ ልብ ነው። ዳዊት ስለሚታመን ነው የሚለምነው። የማይታመኑበትን ሰው ማን ደጅ ይጠናል?

ቀጥሎ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 22ን አንብቡ። መዝሙሩ የትኛው መከራ እንደሆነ በስም አይናገርም፤ ስለዚህ «በዚህ ቀን የተዘመረ ነው» ብላችሁ አትደምድሙ። የግሪኩ ትርጉም ርዕሱ ላይ «ሳይቀባ» የሚል ይጨምራል፤ ዳዊት ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው የተቀባው። በቤተ ልሔም በሳሙኤል እጅ፣ በኬብሮን በይሁዳ ሰዎች፣ በኋላም በእስራኤል ሁሉ ላይ። ከመጀመሪያው ቅብዐት እስከ ሁለተኛው ያለው ዘመን በአብዛኛው የሽሽት ዘመን ነው። ምዕራፍ 22 ላይ ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ነው፤ የተጨነቁ፣ ዕዳ ያለባቸውና የተከፉ 400 ያህል ሰዎች ተሰብስበውበታል። አባቱንና እናቱን ለሞዓብ ንጉሥ አደራ ይሰጣል። ኤዶማዊው ዶይቅ ለሳኦል ነገር ያቀብላል፤ በዚያ ምክንያት 85 ካህናት ይገደላሉ። ይህን አንብባችሁ ወደ መዝሙሩ ስትመለሱ «ድንኳን»፣ «ዓለት»፣ «የሐሰት ምስክሮች»፣ «አባቴና እናቴ» የሚሉት ቃላት ጌጥ መሆናቸው ይቀርና ሥጋና ደም ይለብሳሉ።

የአባቶቻችን የአንድምታ ዘዴ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል። ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥተው አይዘጉትም፤ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። ደብተራችሁ ላይ እንዲሁ አድርጉ። «ብርሃን» የሚለውን ጻፉና ለዳዊት ምን ነበር በሉ፤ ለሸሸ ሰው ሌሊት መንገድ የሚያሳይ። አንድም፣ በሚክያስ 7፥8 እንዳለው በጨለማ ለተቀመጠ ሰው እግዚአብሔር ራሱ የሚሆንለት። አንድም፣ ለእናንተ ዛሬ። ሦስተኛዋን መጀመሪያ አትጻፏት። ቸኩለን «ለእኔ ምን ይለኛል» ስንል ብዙ ጊዜ መዝሙሩ የሚነግረን ቀድሞ ልባችን ውስጥ የነበረውን ብቻ ነው። «ጠላቶቼ» የሚለው ላይ ደግሞ በተለይ ታገሡ። የተጣላችሁትን ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ስም ወዲያው አታስገቡበት። በመጀመሪያ የሚያሳድዳችሁን ነገር ጻፉ፤ ዕዳ ይሆናል፣ በሽታ ይሆናል፣ የራሳችሁ ሐሳብም ይሆናል።

አሁን ሦስት ቁጥሮች ላይ ቁጭ በሉ። ሌላውን ቀለል አድርጋችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

አንደኛው ቁጥር 4 ነው፤ «አንዲት ነገር» የለመነበት። ከማንበባችሁ በፊት ዛሬ እግዚአብሔርን የምትለምኑትን ሁሉ ዘርዝራችሁ ጻፉ። ቪዛ፣ ኪራይ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የልጅ ነገር፣ ሁሉንም። አትፈሩ፤ መዝሙሩ ውስጥም ሌላ ልመና ሞልቷል። ከዚያ የዳዊትን አንዲት ነገር ከጎኑ አድርጉት፦ በእግዚአብሔር ቤት መኖርና እርሱን ማየት። ሠራዊት የከበበው ሰው ሠራዊቱ ይበተንልኝ ብሎ ይጀምራል ስትሉ በዚህ ይጀምራል። ዝርዝራችሁን አትቅደዱት። ከእያንዳንዷ ልመና አጠገብ «ይህን ባገኝ በውስጡ የምፈልገው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ስጽፈው ከግማሽ በላዩ ላይ መልሱ «ብቻዬን እንዳልሆንኩ ማወቅ» የሚል ሆነብኝ።

ሁለተኛው ቁጥር 10። «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፣ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ።» በእውነት የተተዉ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ይህ ቁጥር ቁስል ይነካል፣ ስለዚህ በቡድን ስታጠኑ ማንንም ታሪክህን ንገረን ብላችሁ አታስጨንቁ። ግን ምዕራፍ 22ን አስታውሱ። ዳዊት ወላጆቹን ራሱ ነው ለሌላ አገር ንጉሥ ሰጥቶ የተለየው፣ እንዲተርፉለት ብሎ። ሳይጣሉም መለያየት አለ። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች እናቷን በስልክ ብቻ የምታገኝ ልጅ ይህን ማብራሪያ ሳይነገራት ታውቀዋለች። በዕብራይስጡ ያለው ቃል መሰብሰብን፣ አንስቶ ወደ ቤት ማስገባትን ይናገራል። አማርኛችን «ተቀበለኝ» አለ፤ ይህም የራሱ ጣዕም አለው። እንግዳ እንቀበላለን። አዋላጅ ልጅ ትቀበላለች። የክርስትና አባት ሕፃኑን ከካህኑ እጅ ይቀበላል። «ተቀበለኝ» የሚለውን በአንድ ገጽ መሃል ጻፉና በሕይወታችሁ እጁን ዘርግቶ የተቀበላችሁን ሰው ሁሉ ዙሪያውን ጻፉ። ምስጋናው ከዚያ ይጀምራል።

ሦስተኛው ቁጥር 13 ነው፤ ለእኔ ከባዱ። የእግዚአብሔርን ቸርነት በሕያዋን ምድር አይ ዘንድ አምናለሁ ይላል። በዕብራይስጡ ግን ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም። «ባላምን ኖሮ…» ብሎ ይቆማል። ባላምን ኖሮ ምን? አይናገርም። እኛም እኮ እንዲህ እናወራለን፤ «እሷ ባትኖር ኖሮ…» ብለን እንባ ይቀድመናል። ዕብራይስጡን የገለበጡ ጸሐፍትም በዚህች ቃል ላይ ለየት ያሉ ነጥቦች አድርገውባታል። አባቴ ከዚያ ሌሊት በኋላ የቆየው ሦስት ወር ነው። «በሕያዋን ምድር» የሚለውን ለረጅም ጊዜ ማንበብ አልቻልኩም ነበር። ጓደኛዬ «ዓረፍተ ነገሩን አንቺ ጨርሺው» አለችኝ። «ባላምን ኖሮ እነዚያን ሦስት ወራት ከእሱ ጋር ስስቅ አላሳልፍም ነበር» ብዬ ጻፍኩ። እናንተም ጨርሱት። ዛሬ ካልመጣላችሁ ባዶ መስመር ትታችሁ ቀኑን ጻፉበትና እለፉ፤ ሌላ ጊዜ ትመለሱበታላችሁ።

ቁጥር 14 አጭር ናት። ተስፋ አድርግ፣ በርታ፣ ልብህ ይጽና፣ እንደገና ተስፋ አድርግ። የሚናገረው ለአንድ ሰው ነው። ዳዊት ለራሱ ነው፣ አንድም ካህኑ ለእርሱ ነው፣ አንድም እርሱ ለእኛ። ስማችሁን አስገብታችሁ ጮክ ብላችሁ በሏት። ሴቶች «አድርጊ»፣ «በርቺ»፣ «ልብሽ ይጽና» ብላችሁ አንብቡት፤ ልዩነቱ ይሰማችኋል።

በአንድ ቀን ካልገባችሁ አትዘኑ። እስራኤል ያላችሁ እንደምታውቁት በብዙ ምኩራቦች ይህ መዝሙር ከኤሉል ወር መባቻ ጀምሮ የዳስ በዓል እስኪገባደድ ድረስ በየቀኑ ይነበባል፤ ሃምሳ ቀን ያህል ማለት ነው። እናንተ ለሰባት ቀን ሞክሩት። በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን በእጃችሁ ገልብጡት። ከዚያ በየቀኑ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡና አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። በሰባተኛው ቀን የራሳችሁን ጻፉ፤ ግማሹ «እርሱ»፣ ግማሹ «አንተ» ይሁን። አማርኛው አማረ አላማረ አትጨነቁ። «አንተ» የሚለው ክፍል ቢረዝምባችሁም ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የተጨነቀ ሰው ካላችሁ ቁጥር 1ን ብቻ ቆርጣችሁ አትላኩለት። ደውሉለትና «ላንብብልህ?» በሉት። እሺ ካለ ሙሉውን አንብቡለት። ቁጥር 7 ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ፤ ከቁጥር 12 በኋላ ደግሞ ትንሽ ዝም በሉ፣ ማልቀስ ቢፈልግ ጊዜ ይኑረው። ከዚያ 13ን።